እሳት በልኩ፦ ስለ ቤት ሙቀት፣ ስለ ምጣድና ስለ ኢንቨርተር

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ፣ ፍኖተ ሰላም፣ በማገዶና ኤሌክትሪክ ንዑስ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ማሽንና መልስ ስለሚጠብቅ አንድ ደብዳቤ ነው። ውጭ አገር የሚኖሩ የማኅበራችን ወዳጆች ለሕፃናት ማቆያ ክፍላችን ኢንቨርተር ያለው ማሞቂያ ገዝተው ሊልኩልን እንደሚፈልጉ ጽፈውልናል። እነሱ ባሉበት አገር ክረምት ማለት በረዶ ነው። ቤታቸውን የሚያሞቁት በዚሁ ማሽን ስለሆነ ጥቅሙን አይተው፣ ልጆቻችን ማለዳ እንዳይበርዳቸው አስበው ነው። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው «አጥኑና ለአባላት አስረዱ፣ ከዚያ እንወስናለን» ብሎ ጉዳዩን ለእኛ ሰጠን።

እኛም ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ፣ የሙቀቱን ልክ እንዴት እንደሚጠብቅ ስናጠና ነገሩ ከማሽኑ ሰፋ ብሎ አገኘነው። የቤት ሙቀት ጉዳይ ሲነሳ አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳል፤ የሚያስፈልገው ምን ያህል ነው፣ ያን ያህሉን ብቻ እንዴት እንሰጣለን? ይህ ጥያቄ በምጣዳችንም፣ በማንደጃችንም፣ በማገዶ ወጪያችንም ላይ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ከምናውቀው ከምጣዱ እንነሳ።

እንጀራ ጋጋሪ የሆነች ሴት ሁሉ ሙቀት መመጠን ታውቃለች። ምጣዱ ከልክ በላይ ሲግል እንጀራው ያርራል። ሲበርድ ደግሞ ዓይን አያወጣም፣ ከምጣዱም አልላቀቅ ይላል። ስለዚህ ጎመንዘር በትና በማሰሻ ስታሰስ ምጣዱን እያየች ነው። የመጀመሪያውን እንጀራ አውጥታ ጀርባውን ገልብጣ ታያለች። እንጨት ከሆነ አንዱን ጉማጅ ጎተት ታደርጋለች፣ ወይም ጭራሮ ትጨምራለች። ያየችውን ከምትፈልገው ጋር አስተያይታ እሳቱን ትጨምራለች ወይም ትቀንሳለች። ይህን ልብ በሉልን፤ ማሽኑ የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲመጣ ጭሱ ቀረ፣ እሳቱን የመመጠን ነገር ግን ቀለል አላለም። በገበያ ያለው የተለመደው ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በእኛ አገር 220 ቮልት መስመር ይህ ወደ 16 አምፔር ይደርሳል፤ ከቤት ዕቃ ሁሉ ከፍተኛው ነው ማለት ይቻላል። ከሸክላው ሥር የተጠማዘዘው ሽቦ ኃይል ሲያገኝ ይግላል፣ ሸክላው ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ ሊጡ ያሻግራል። አንዳንዱ ምጣድ ደረጃ መለወጫ አለው። ብዙው ግን ወይ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፣ ወይ ይጠፋል፤ መካከል የለውም። ጋጋሪዋ ምጣዱ ሲግልባት ታጠፋለች፣ ሲበርድባት መልሳ ታበራለች።

ይህ ዓይነቱ አሠራር ማብራትና ማጥፋት ነው። ካውያችንም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ካውያው ውስጥ ቴርሞስታት የሚባል ነገር ስላለ የምታጠፋውና የምታበራው ሴትዮዋ ሳትሆን እሱ ነው። የተለመደው ቴርሞስታት ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ስስ ቁራጭ ነው። ሲሞቅ አንደኛው ብረት ከሌላው ይበልጥ ስለሚረዝም ቁራጩ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ መስመሩን ይቆርጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይቃናል፣ መስመሩም ይገናኛል። የካውያው መብራት ቦግ እልም የሚለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አሠራር በደረጃ ነው፤ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ የሚመረጥ። ሦስተኛው ደግሞ ያለ ደረጃ ቀስ እያለ ከፍና ዝቅ የሚል ነው። ወዳጆቻችን የጻፉልን ማሽን ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንግባ። ስሙ የሙቀት ፓምፕ ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ በቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ሌላው ውጭ ይቀመጣል፣ ሁለቱ በቀጭን የመዳብ ቱቦ ይገናኛሉ። መልኩ በከተማ ሆቴሎች የምታዩት ኤሲ ነው። ኤሲ ሙቀትን ከቤት ወደ ውጭ ያወጣል። ይኸኛው አቅጣጫውን መቀየር ስለሚችል ሙቀትን ከውጭ ወደ ቤት ያስገባል።

«ውጭው ብርድ ሆኖ ሙቀት ከየት ይመጣል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ልክ ናችሁ፤ እኛም የጠየቅነው ይህንኑ ነው። መልሱ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ፍሪጅ ያላችሁ እጃችሁን ከጀርባው ወይም ከጎኑ አሳርፉ፤ ይሞቃል። ያ ሙቀት ከወተቱና ከሥጋው ወጥቶ የመጣ ነው። ወተቱ ቀዝቃዛ ቢሆንም በውስጡ ሙቀት አለ፣ ፍሪጁም ያን ሙቀት ለቅሞ ወደ ውጭ ይጥላል። የሙቀት ፓምፕም ከማለዳው ብርድ አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ክፍሉ ያመጣል። ሙቀትን አይፈጥርም፣ ያጓጉዛል።

እንዴት እንደሚያጓጉዝ ለመረዳት የራሳችን አገር ከፍታ ይረዳናል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ ከቆላው ይልቅ እኛ ዘንድ ቆይቶ የሚበስለውም ለዚህ ነው። አየሩ ሲሳሳ፣ ግፊቱ ሲቀንስ፣ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ መፍያው ከፍ ይላል፤ የግፊት ድስት የሚሠራው በዚህ ነው።

በማሽኑ ቱቦ ውስጥ ያለው ጋዝ የተመረጠው ግፊቱ ሲቀንስ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ እንኳ መፍላት ስለሚችል ነው። በውጭው ክፍል ግፊቱ ዝቅ ይልለታል፤ ከብርዱ አየር ሙቀት ወስዶ ይፈላል፣ ወደ እንፋሎትነት ይለወጣል። ከዚያ ኮምፕሬሰር የሚባለው ሞተር ይጨምቀዋል። ሲጨመቅ ይግላል። ወደ ቤት ገብቶ በግድግዳው ማሽን ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ በጠባብ ማለፊያ ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳል፣ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል። ኤሌክትሪክ የሚበላው በዋናነት ኮምፕሬሰሩ ነው።

ጥቅሙ በቁጥር ይታይ። ተራው ሂተር 1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በልቶ 1 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል፤ ምጣዳችንም እንዲሁ። ደህና የሙቀት ፓምፕ ግን መጠነኛ ብርድ ባለበት 1 ኪሎዋት ሰዓት በልቶ 3 ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሙቀት ያመጣል። የውጭው ብርድ እየከፋ ሲሄድ ይህ ጥቅም ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ሙቀቱን ከሩቅ ዝቅታ ማንሳት አለበት። ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ መቅዳት ከምንጭ አፍ ከመቅዳት እንደሚከብድ ማለት ነው።

አሁን ኢንቨርተሩ ምን እንደሚሠራ እንይ። መጀመሪያ ግን ቃሉን እንለይ። እኛ አገር «ኢንቨርተር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከሶላር ባትሪ ጋር የሚገጠመውን፣ የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚለውጠውን ሳጥን ነው። በማሞቂያው ውስጥ ያለው የዚያ ዘመድ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ነው።

ከግድግዳችን የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ተራ የፍሪጅ ሞተር ፍጥነቱ በዚህ ውዝዋዜ የታሰረ ነው፤ ወይ በዚያ ፍጥነት ይዞራል፣ ወይ ይቆማል። ኢንቨርተሩ ግን የሚወዛወዘውን ኃይል መጀመሪያ ቀጥ ያደርገዋል፣ ከዚያ በፈለገው ፍጥነት እንደገና ያወዛውዘዋል። ውዝዋዜው ሲዘገይ ሞተሩ ይዘገያል፣ ሲፈጥን ይፈጥናል። ሞተሩ ሲፈጥን ብዙ ጋዝ ይገፋል፣ ብዙ ሙቀትም ይገባል፤ ሲዘገይ ጥቂት። በዚህ ዓይነት የተሠሩ ኤሲዎች በጃፓን ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ፍጥነቱን የሚወስነው ማን ነው? በግድግዳው ማሽን ውስጥ የክፍሉን አየር የሚለካ ትንሽ መለኪያ አለ። ባለቤቷ 20 ዲግሪ ብላ አዝዛ ክፍሉ 14 ከሆነ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ማሽኑ ይፈጥናል። ክፍሉ 18፣ 19 እያለ ሲመጣ ልዩነቱ ይጠባል፣ ማሽኑም ይዘገያል። መጨረሻ ላይ በግድግዳውና በጣሪያው የሚወጣው ሙቀትና ማሽኑ የሚያስገባው ሙቀት እኩል ይሆናሉ። ያን ጊዜ ሞተሩ ሳይቆም በዝግታ ይዞራል። ጋጋሪዋ እንጀራውን ገልብጣ አይታ ጉማጁን ጎተት እንዳደረገችው ነው።

የሚያንጠባጥብ እንስራ አስቡ። ውሃው በአንድ ልክ እንዲቆይ ከፈለግን ሁለት መንገድ አለን። አንዱ፣ ሲጎድል ባልዲ ሙሉ መድፋት፣ እስኪጎድል ጠብቆ ደግሞ መድፋት ነው። ሁለተኛው፣ የሚንጠባጠበውን ያህል ቀስ እያሉ ማንቆርቆር ነው። የመጀመሪያው የቴርሞስታት መንገድ ነው፣ ሁለተኛው የኢንቨርተር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

በዝግታ መሥራቱ ለምን ኃይል ይቆጥባል? ሞተሩ ሲዘገይ የሚያልፈው ጋዝ ጥቂት ነው፣ ሙቀቱን የሚቀበሉትና የሚያስተላልፉት የብረት ክንፎች ስፋት ግን ያው ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ሳይጣደፍ ይሻገራል፣ ኮምፕሬሰሩም ጋዙን ያን ያህል አጥብቆ መጭመቅ አይኖርበትም። በተጨማሪ ሞተር ከቆመበት ሲነሳ የሚስበው ከፍተኛ ኃይል በየጊዜው አይደገምም።

እዚህ ላይ ገበያ ስትሄዱ የሚጠቅማችሁ ነገር አለ። ይህ ቁጠባ የሚገኘው ሙቀት በሚያጓጉዝ ማሽን ላይ ነው፤ በፍሪጅ፣ በኤሲ፣ በሙቀት ፓምፕ። ምጣድና ሂተር ሙቀትን የሚያወጡት በሽቦ ስለሆነ በዝግታም ሠሩ በሙሉ ኃይል፣ 1 ለበሉት 1 ይሰጣሉ። የእነሱ ቁጠባ የሚመጣው ሙቀቱ ባክኖ እንዳይቀር በመያዝ ነው። ስለዚህ ለወተትና ለቅቤ ሽያጭ ፍሪጅ የምትገዙ የቡሬ አባላት፣ ኢንቨርተር ያለውን ብትመርጡ ለኪሳችሁ ትርጉም አለው። በሂተር ላይ ያ ቃል ተጽፎ ካያችሁ ግን ለቃሉ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ሌላም አለ። የሙቀት ፓምፕ ያለው ሰው ቶሎ እንዲሞቅ ብሎ 30 ዲግሪ ቢያዝ ክፍሉ 20 ዲግሪ ላይ የሚደርስበት ጊዜ ያን ያህል አይፈጥንም፤ ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ መሮጥ የሚችለው ያው ነው። በኋላ ግን 20 ላይ ሳይቆም አልፎ ይሄዳል፣ ኃይልም ይባክናል። የሚፈለገውን ልክ አንድ ጊዜ አዝዞ መተው ይሻላል። ማሽኑ ለክፍሉ ከልክ በላይ ትልቅ ከሆነም ጉዳት አለው። ኢንቨርተር ቢኖረውም ዝቅ የሚልበት ወለል አለው። የተለመደው 12 ሺህ ቢቲዩ የሚባለው መጠን ሙሉ ኃይሉ 3.5 ኪሎዋት ሙቀት አካባቢ ነው፣ ሲዘገይ ወደ 1 ኪሎዋት ገደማ ይወርዳል። ክፍሉ የሚፈልገው ከዚያ በታች ከሆነ ማሽኑ ተመልሶ እንደ ካውያው ቦግ እልም ይላል፣ ጥቅሙም ይቀንሳል።

እንግዲህ ማሽኑ ይህ ነው፤ ጥሩ ማሽን ነው። ጥያቄው ለእኛ ክፍል ይሆናል ወይ የሚለው ነው።

የሕፃናት ማቆያ ክፍላችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። በቆርቆሮውና በግድግዳው ራስ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። በሩም ቀኑን ሙሉ ይከፈታል ይዘጋል። ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ የምናስገባው ሙቀት ሕፃናቱ ዘንድ ሳይቆይ በቆርቆሮው በኩል ይሄዳል። በእንስራው ምሳሌ፣ እንስራው ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን ቂጥ የለውም። እዚያ ክፍል የሚገጠም ኢንቨርተር ልዩነቱ መቼም ስለማይጠብለት ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል። በገጠር ያላችሁ አባላት የሣር ክዳን ቤት በሌሊት ከቆርቆሮ ቤት ይልቅ ሙቀት እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። ሣሩ በውስጡ አየር አፍኖ ስለሚይዝ ነው። ቆርቆሮ ሥር ኮርኒስ ማድረግም ከሣሩ ጋር የሚመሳሰል ሥራ ይሠራል።

ደግሞም ብርዱ ስንት ሰዓት ነው? እኛ ከተማ ከኅዳር እስከ ጥር ማለዳው፣ በክረምት ደግሞ ዝናብ ሲውል ይበርዳል። ፀሐይ ከወጣች ግን ክፍሉ ራሱ ይሞቃል። ግሽ ዓባይ አካባቢ ያሉ የሰከላ አባሎቻችን ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆኑ ብርዱ የእነሱ ይበልጣል፤ ማሽኑ የተጻፈው ግን ለፍኖተ ሰላም ነው።

መብራትም አለ። ኖርዌይን የመሰሉ አገሮች እንደ እኛ ኤሌክትሪካቸውን ከሞላ ጎደል ከውሃ ያገኛሉ፣ ቤታቸውንም በሙቀት ፓምፕ ያሞቃሉ። የእኛም አገር ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። በዓባይ ላይ የተሠራው 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የጎጃም ወንዞች የሚገብሩበት ውሃ ነውና ደስታው የሁላችንም ነው። ይሁንና ግድብ ላይ ያለ ኃይልና የቤታችን ሶኬት ላይ ያለ ኃይል በመካከላቸው ረጅም መስመር አለ። ቮልት ከፍና ዝቅ ሲል በመጀመሪያ የሚጎዳው የኢንቨርተሩ ኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ጋዝ መሙላትና ሰሌዳ መጠገን የሚችል ባለሙያም በየቀበሌው አይገኝም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሰው ሕይወት የሚነካ ነገር አለ። በክፍሉ ማሽን የለም ስንል «ታዲያ ከሰል እናስገባ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ከሰል ጭሱ አልቆ ፍሙ ብቻ ሲቀር ንጹሕ ይመስላል፣ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደም ጋር ተያይዞ የኦክስጅኑን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስዳል፣ የተኛው ሰው ላይነቃ ይችላል። በየቤታችን አራስ ስትኖር፣ ክረምቱ ሲጠና፣ ማንደጃ አልጋ ሥር ወይም አጠገብ አስቀምጦ በር መዝጋት የቆየ ልማድ ነው። ከፍቅር የመጣ ልማድ መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም በተዘጋ ቤት ውስጥ ፍም አድርጎ መተኛት አይገባም። አራሷንና ሕፃኑን ማሞቅ የሚገባው በልብስ፣ በጋቢ፣ ሕፃኑን ገላ ለገላ በማቀፍ ነው። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር በኩል ማድረግ ለእናትየዋ ይሆናል፤ ሕፃኑን እንዳያቃጥል ግን ከእሱ ይራቅ። ፍም የግድ ካስፈለገ በርና መስኮት ተከፍቶ፣ ሰው ነቅቶ ሳለ ብቻ ይሁን።

ጭስም የዚያው ወንድም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ያን ጭስ አብዝተን የምንተነፍሰው እኛ ሴቶችና የታዘልናቸው ልጆች ነን። ኤሌክትሪክ ላልደረሰላችሁ አባላት ምርጥ ምድጃ አሁንም ጥሩ መንገድ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ይህ ምድጃ በአገራችን ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የማገዶውን ግማሽ ያህል ሊቆጥብ ይችላል። ምስጢሩ ያው ልክ ነው። እሳቱ ተከቧል፣ ነፋስ አይበትነውም፣ የሚገባው አየር በአፉ ስፋት የተወሰነ ነው። ጋጋሪዋም ደረቅና የተፈለጠ እንጨት ጥቂት ጥቂት እየጨመረች ሙቀቱን ትመጥናለች። ወፍራም እርጥብ ግንድ ካስገባችበት ግን ምድጃው ምንም ያህል ምርጥ ቢሆን ይጨሳል።

ኤሌክትሪክ ያላቸው አባላት ደግሞ ይህን አስቡ። ምጣድ ከመጋገሩ በፊት 15 ደቂቃ ቢግል 3.5 ኪሎዋት በሩብ ሰዓት 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ገና አንድ እንጀራ ሳይወጣ። ሦስት ጎረቤታሞች በየቤታቸው ሦስት ምጣድ ሲያግሉ ወደ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። በአንድ በጋለ ምጣድ ተራ ይዘው ቢጋግሩ 1.7 ያህሉ ይተርፋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢሆን በወር ወደ 14 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ፣ ፍጆታ በበዛ መጠን የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ስለሚጨምር፣ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮም በየሦስት ወሩ እየጨመረ ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር ትንሽ አይደለም። አክንባሎውን ሳያስፈልግ አለመክፈት፣ ሁለት እንጀራ ሲቀር ምጣዱን ማጥፋትም ይጠቅማል። ሸክላው የያዘው ሙቀት የቀሩትን ያወጣቸዋል።

በጋራ መጋገሪያችን ሦስቱ ምጣዶች በአንድ ላይ ሲሠሩ 48 አምፔር ገደማ ይስባሉ። አንድ ዲቫይደር ላይ ሁለት ምጣድ መሰካት እሳት መጥራት ነው። ለእያንዳንዱ ምጣድ የራሱ መስመር፣ የራሱ ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ ቢያንስ 2.5፣ ርቀቱ ከበዛ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ፣ የምድር መስመርም ያስፈልጋል። ይህን ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው።

እንግዲህ የንዑስ ኮሚቴያችን ሐሳብ ይህ ነው። ለወዳጆቻችን ከልብ የሆነ ምስጋና እንጻፍ፤ ማሽኑን ግን አሁን እንዳይልኩ እንጠይቅ። ለማሽኑ ያሰቡትን ገንዘብ ፈቃዳቸው ከሆነ በሦስት ነገር ላይ እናውለው። አንደኛ፣ ለሕፃናት ማቆያው ኮርኒስ ይሠራ፣ የግድግዳው ራስ ይደፈን፣ በሩም በደንብ የሚገጥም ይሁን፤ አየር መለዋወጫ መስኮቱ ግን ይቆይ። ሁለተኛ፣ የመጋገሪያው መስመር እንደ ነገርናችሁ ይለወጥ። ሦስተኛ፣ በወንበርማና በሰከላ ኤሌክትሪክ ለሌላቸው አባላት ምርጥ ምድጃ ይገዛ፤ ምድጃው እዚሁ በአካባቢው ሴቶች ከተሠራ ገንዘቡም እዚሁ ይቀራል።

ክፍሉ ኮርኒስ ካገኘ በኋላ አንድ ሙሉ ክረምትና አንድ ኅዳር እንይ። ማለዳ ማለዳ የክፍሉን ሙቀት በቴርሞሜትር መዝግበን እንያዝ። ያኔም ሕፃናቱን የሚበርዳቸው ከሆነ የሚያስፈልገንን የሙቀት ልክ ስለምናውቅ ለክፍሉ የሚመጥን ማሽን፣ ከስታብላይዘርና ከጠጋኝ ጋር፣ በቁጥር አስደግፈን እንጠይቃለን። ወዳጆቻችንም የሰጡት ነገር ሲሠራ ያያሉ እንጂ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዝም ሲል አያዩም።

አንዳንድ አባላት «የተሰጠ ነገር አይመለስም» እንደምትሉ ሰምተናል፤ ክብደት ያለው ሐሳብ ነው፤ ለጋሽን ማስቀየምም አይገባም። ነገር ግን የምንፈልገውን በግልጽ ብንነግራቸው የሚከፉ አይመስለንም። እነሱም ገንዘቡን ያገኙት በብርድ አገር ሠርተው ነው፤ በልኩ እንዲውል መጠየቅ ለእነሱም አክብሮት ነው።

ሐሳባችንን ለውይይት አቅርበናል። ከቡሬ የመጣችሁ ስለ ፍሪጁ፣ ከሰከላ የመጣችሁ ስለ ብርዱ የምታውቁትን ጨምሩበት፤ ከዚያ እጅ አውጥተን እንወስን።